የሦስት ቀን ስጥ

ልጄ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ "እማ፣ ጆንያዎቹን እንዳትነኪያቸው፣ እሺ?" አለችኝ።

"ለምን?"

"በቃ እንዳትነኪያቸው። አውቶቡሱ ያመልጠኛል።"

"ምክንያቱን ብትነግሪኝ ምን አለበት?"

"ብነግርሽ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስድሽም። አላውቅሽም እንዴ!" ሳቀች፤ ጉንጬን ሳም አድርጋኝ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

እኛ ቤት "ለእማ አይነገርም" የሚባል ሕግ አለ። ያወጣው ሟቹ ባሌ ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል ሲሄድ እንኳ "ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብሎኝ ነበር፤ ጉንጩ አብጦ ሲመለስ የደበደቡት መስሎኝ ሰፈሩን በጩኸት ቀወጥኩት። ልጄ ሕጉን ከአባቷ ወረሰች። እኔ ደግሞ ካልተነገረኝ የከፋውን እመርጣለሁ። ስልክ ካላነሳች መኪና ገጭቷታል፤ ካነሳች ደግሞ ድምጿ ጎርነን ብሏል፣ ታማለች ማለት ነው። እነሱ እንዳልጨነቅ ብለው አይነግሩኝም፣ እኔ ስላልነገሩኝ እጨነቃለሁ። ስንኖር የኖርነው እንዲህ ነው።

ጆንያዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። መኪናችንን ከሸጥን ወዲህ ባዶውን በቆየው ጋራዥ ውስጥ ከግድግዳው ራቅ ብለው፣ ከሥራቸው እንጨት ተነጥፎላቸው ተደርድረዋል። ውስጣቸው ያለው ከምስር ትንሽ ተለቅ የሚል፣ ጎኑ ማዕዘን ያለው፣ እንደ ጡብ የቀላ ደረቅ ፍሬ ነው። ከዕቃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አናቶ ተብሎ ተጽፏል፤ እኔና ልጄ ግን "ቀይ ፍሬው" ነው የምንለው። ቅቤውንና ቺዙን ያንን ዓይን የሚስብ ወርቃማ መልክ የሚሰጠው እሱ ነው። እኔ ከላሟ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ስድስት ዓመት በአንድ አስመጪ ቢሮ ወረቀት ስታስተካክል ኖራ፣ "የሌላ ሰው ዕቃ ሳስገባ አረጀሁ" ብላ ሥራውን ለቀቀች። እንዳትለቂ ብዬ ለምኜ ነበር። አለቃዋ ስትወጣ፣ "በስድስት ወር ውስጥ በሬን ታንኳኪያለሽ" ብሎ ሸኛት። እሷ ግን አንድ የቅቤ ፋብሪካ አግኝታ የፍሬውን ናሙና አስፈተነች፤ ወደዱት። ሙሉው ዕቃ እንደ ናሙናው ከሆነ የዓመት ውል ይፈራረማሉ፣ ካልሆነ ወደ ለመዱት የኬሚካል ቀለም ይመለሳሉ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእነዚያ አሥራ ሁለት ጆንያዎች ላይ ነበር።

ፍሬውን የላከው ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሽማግሌ ነው። ዛፎቹ ከቤቱ ጀርባ ናቸው፤ ከሚስቱ ጋር ራሱ ይለቅማል፣ ራሱ ይፈለፍላል። ከልጄ ጋር የሚነጋገሩት የሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ ነው፤ ሲጠፋባቸው ይስቃሉ። እኔ ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው ብዬ የማምን ሴት ነኝ። እሱ ግን ስልኩን በዘጋ ቁጥር "እናትሽን ሰላም በይልኝ" ይላል።

"ሰላምታ ኪስ አይገባም፤ ዕቃውን ይላክ" እላለሁ።

"አንቺ ደግሞ! ሰውየው እኮ አይቶሽ አያውቅም፣ ቢያይሽ ይፈራሽ ነበር" ትለኛለች ልጄ።

እየቆየ ግን፣ ስልኩ ሊዘጋ ሲል እጄን ከሥራ ሰብስቤ የምጠብቀው ያንን ሰላምታ ሆነ።

ልጄ የሄደችው ለምግብ ዕቃ የሚሰጠውን ፈቃድ ልታወጣ ሲሆን የምትመለሰው ዓርብ ነበር። በሄደችበት ዕለት ማታ ዝናቡ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ጋራዡን ከፍቼ፣ እንዳትነኪ እንጂ እንዳታዪ አልተባልኩም ብዬ ገባሁ። ከጣሪያው ጠብ ብሎ ኖሮ የአንዱ ጆንያ ጥግ የመዳፍ ያህል ረጥቧል። አሸተትኩት፤ የቆየ ቁም ሳጥን ይሸታል።

አንዴ ልጄ ጋ ደወልኩ፤ አልተነሳም። ሁለተኛ ግን የደወልኩት እህቴ ጋ ነው።

"እታለም፣ ምን ሆነሻል? ገና ሳትናገሪ ድምፅሽ ያለቅሳል" አለችኝ።

"ጆንያው ረጥቧል።"

"ታዲያ አስጪዋ! ይሄም ምክር ፈለገ?"

"እንዳትነኪ ብላኛለች።"

"እሷ ምን ታውቃለች፣ እህል ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚበቅል የሚመስላት ልጅ! ሻጋታ አንዴ ከገባ ጉበት ነው የሚበላው። ደግሞ እኮ ቅቤ ውስጥ ነው የሚገባው። ሰው ቢሞት የሚታሰረው ማን ነው? ሽማግሌው?"

ልጄ እጇን ታስራ መኪና ላይ ስትወጣ ታየችኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ መቀሴን አነሳሁ።

የጆንያዎቹን አፍ የሰፋውን ነጭ ክር ሳልበጥስ እየተረተርኩ እርሳስ ላይ ጠቀለልኩት። ያለኝን አንሶላ ሁሉ አውጥቼ የግቢው ሲሚንቶ ላይ አነጠፍኩ። በቀን አራት ጆንያ፣ ሦስት ቀን አሰጣሁ። የጉልበቴን ነገር ተዉት። ልጅ ሳለሁ ስጥ መጠበቅ የእኔ ሥራ ስለነበር እጄ አልረሳውም፤ በየሰዓቱ በመዳፌ እያገላበጥኩ፣ ወፍ እያባረርኩ ዋልኩ። ሳገላብጠው ቀይ አቧራ ይነሣል። ወንፊት አመጣሁና ነፋሁት፤ አሁንም አቧራ። በሰፌድ አበጠርኩት፤ አሁንም አቧራ። "ይሄ ሽማግሌ ስንት ቆሻሻ ነው የጫነብን!" አልኩ። አንድ ሙሉ ሳፋ ቀይ አቧራ ሰብስቤ የውሃ መውረጃው ውስጥ ደፋሁት፤ ደስ እያለኝ ነው የደፋሁት።

በሦስተኛው ቀን ፍሬው ከጡብ መልክ ወደ አሮጌ ጫማ መልክ መጥቶ ነበር። ደረቀ ማለት ነው አልኩ። ጆንያዎቹን ሞልቼ በዚያው ነጭ ክር መልሼ ሰፋኋቸው። እጄ እስከ አንጓው ቀልቶ ስለነበር በዘይት አሸሁት፤ አልለቅ ያለውን ልጄ ስትመጣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቄ ደበቅኩት። ዕቃው ፋብሪካ ደርሶ "እንዲህ ያለ ንጹሕ ፍሬ አይተን አናውቅም" ሲሉ ልነግራት ነበር ያሰብኩት። ሳቄ ሁሉ ተዘጋጅቷል።

ልጄ ዓርብ ማታ ፈቃዱን ይዛ ገባች። ግቢውን አጥቤዋለሁ፤ ግን የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ቀይ መስመር ቀርቶ ኖሯል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሲያወርዱት ከጆንያው የፈሰሰ ይሆናል" አልኳት። የመጀመሪያዋ ውሸት ይቺ ናት። ያኔ ውሸት አልመሰለችኝም፤ የስጦታ መጠቅለያ ነበር የመሰለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። ልጄ ከሾፌሩ ጋር ስትፈራረም ጫኝ አውራጆቹ ጫኑት፤ አንዱንም ጆንያ ከፍታ አላየችም። ለምን ትከፍታለች? በማሽን ተሰፍቶ የመጣ ዕቃ ነው።

ከፋብሪካው ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ሻይ ቀዳሁላት፤ አልነካችውም።

"አልተቀበሉትም" አለች።

"ሻገተ?"

"ምን ሻገተ! ቀለም የለውም። ከናሙናው ሲሶውን ያህል እንኳ የለውም። የጥራት ሠራተኛዋ ዘይት ውስጥ ጨምራ አሳየችኝ። የናሙናው ዘይት እንደ እሳት ነው፤ የእኛው እንደ ቀጠነ ሻይ።"

"ውስጡ ቀርቶ ይሆናላ፣ ቢፈጩት..."

"እማ፣ ውስጡ ነጭ ነው። ቀለሙ ላዩ ላይ ያለው ስስ ቅርፊት ነው። ሲነካካ እንደ አቧራ ይረግፋል፣ የቀረውን ፀሐይ ይበላዋል። ለዚህ ነው በጨለማ የሚቀመጠው፣ ለዚህ ነው እጅ የማይነካው። አቧራው ነው ዕቃው!"

ያ ሳፋ ዓይኔ ላይ መጣ። ቀይ አቧራው ውሃ መውረጃው ውስጥ እንዴት ተንሸራቶ እንደገባ፣ የቀረውንም በባልዲ ውሃ እንዴት እንዳወረድኩት።

"ደግሞ ጆንያዎቹ ተከፍተው በእጅ ነው የተሰፉት አለችኝ። ገባሽ? ሽማግሌው አሮጌ ፍሬ ቀላቅሎ መልሶ ሰፍቶ ነው የላከልኝ። ናሙናውን ከጥሩው፣ ዕቃውን ከአሮጌው!"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ይደርሳል ብዬ የፈራሁት ነገር ከውጭ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ከሌባ፣ ከመኪና፣ ከበሽታ። በወንፊት ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አፌን ከፈትኩ።

"ምናልባት... ፀሐይ መትቶት ቢሆንስ?"

"ከኮንቴይነር ውስጥ? እማ፣ እባክሽ አሁን አታድክሚኝ።"

አፌን ዘጋሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እዚያች ላይ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ልጄ ግን ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ያ አለቃዬ ምን ያህል ይስቅ!" ስትል ሰማኋት፤ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍቼ ሌላ ቀዳሁላት።

ደብዳቤውን የጻፈችው እዚያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ጽፋ ስትጨርስ እየተረጎመች አነበበችልኝ። "እንደ አባቴ አምኜዎት ነበር" የሚል ነበረበት። "ዛፎችዎን እያሳዩ ያሳደጉኝ ያህል ይሰማኝ ነበር፤ ለካ ቆሻሻዎን የሚጥሉበት ሰው ሲፈልጉ ነው" የሚልም ነበረበት።

"ትንሽ አለስልሺው" አልኳት። ያልኩት ይህንን ብቻ ነው።

"ያለሰለሰኝ እሱ ነው" ብላ ላከችው።

እህቴ ጋ ደውዬ አለቀስኩ። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ፣ "ዝም አይነቅዝም፣ እታለም" አለችኝ። "ሰውየው ባሕር ማዶ ነው፤ መቼ ልታዪው ነው? ልጅሽ ግን ከጎንሽ ናት። ብትነግሪያት ዕድሜ ልኳን በዚህ ነው የምታይሽ።" እውነት መሰለኝ፤ እውነት እንዲመስለኝም ፈልጌ ነበር።

ሽማግሌው በድምፅ መልስ ላከ። ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ቀስ ያለ፣ በየመሃሉ የሚስል ድምፅ። "እኔ የምሰፋው በማሽን ነው፣ ያስቀመጥኩትም በጨለማ ክፍል ነው፤ ግን አንቺ ካልሽ፣ ልጄ፣ ልክ ነሽ ይሆናል" አለ ብላ ተረጎመችልኝ። ከአዲሱ ምርት አሥራ ሁለት ጆንያ በራሱ ወጪ እንደሚልክም ተናገረ።

"አየሽ? ጥፋተኛ ባይሆን ይተካ ነበር?" አለች ልጄ።

እኔ ግን መልእክቱ ሲያልቅ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። እናትሽን ሰላም በይልኝ አላለም።

ምትኩ መጣ። ይህን ጊዜ ከጋራዡ በር እንኳ በሩቁ ነበር የማልፈው። ፋብሪካው ፈተነው፣ አለፈ፤ ውሉም ተፈረመ። ልጄ ግን "አንዴ የነከሰ ውሻ" ብላ ከዚያ በኋላ ፍሬውን ከአንድ ትልቅ ድርጅት ማስመጣት ጀመረች። ሽማግሌው አልደወለም፣ እሷም አልደወለችም። እኔም ለራሴ እንዲህ እል ነበር፤ ፍሬው ተተካ፣ ልጄ ሥራዋን አገኘች፣ አለቃዋም አልሳቀም፤ ታዲያ ምን ጎደለ? በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ያየ ሰው ምን እንደጎደለ ይገባው ነበር።

ስምንት ወር አለፈ። ፋብሪካው ከመለሳቸው ጆንያዎች ሁለቱ እንደተሰፉ ጋራዡ ጥግ ቆመዋል። አንድ ሳሙና ሠሪ "ለእኔ ይበቃኛል፣ ሳሙና ማን ይመረምራል" ብሏት ኖሮ፣ ልጄ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልትሰጠው አንዱን እየጎተተች ግቢው መሃል አወጣችው። የለበሰችው የክረምት ኮቷን ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የኪሱ ገበር ተቀዶ ቁልፏ እየሾለከ ሲያስቸግራት እኔ ሰፍቼላታለሁ።

"እማ፣ ነይ እስቲ" አለችኝ።

እጄን እየጠራረግኩ ወጣሁ። ጆንያው ላይ አጎንብሳለች። ቀና አላለችም። የኮቷን ኪስ ወደ ውጭ ገልብጣ ከጆንያው አፍ ጎን አስጠግታዋለች።

እኔ ስሰፋ በየሦስቱ አንዴ መርፌውን ወደ ኋላ እመልሳለሁ፤ እንዳይተረተር ስለምፈራ ነው። ከትምህርት ቤት ልብሷ ጀምሮ ልጄ የለበሰችው ሁሉ እንዲህ ነው የተሰፋው። ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ኪሱም እንዲያ ነበር፣ ጆንያውም እንዲያ ነበር።

"ረጥቦ ነበር" አልኳት። "ይሻግታል ብዬ... አሰጣሁት። ነፋሁት።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

"ደብዳቤውን ሳነብልሽ እዚያ ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"'አለስልሺው' አልሽኝ።"

"አዎ።"

"'እኔ ነኝ' ማለት አቅቶሽ?"

"ትርቂኛለሽ ብዬ ነው። አንቺም እኮ ፀሐይ አይወድም ብትይኝ ኖሮ—"

"አውቃለሁ" አለች። "ስምንት ወር ሙሉ ያልነገርሽኝ ግን አንቺ ነሽ።"

ልጄ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ተከተልኳት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ቁጥሩን ነካች።

"አንቺ ነሽ የምትናገሪው። እኔ እተረጉማለሁ፣ አንዲትም አልጨምርም፣ አንዲትም አላለሰልስም።"

ብዙ ጠራ። ሊቋረጥ ሲል ያ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። ልጄ ሰላምታ ሰጥታ ወደ እኔ አመለከተች። እኔም ተናገርኩ። ዝናቡን፣ መቀሱን፣ አንሶላዎቹን፣ ወንፊቱን። ልጄ ከእኔ እየተቀበለች ታስተላልፋለች፤ ሳፋው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ፣ ግን ጨረሰችው።

"'ሁሉንም?' ይላል።"

"አሥራ ሁለቱንም በይልኝ።"

"'በወንፊት?'"

"በወንፊት።"

ሲተነፍስ ይሰማናል። ከዚያ አንድ አጭር ነገር ተናገረ፤ ልጄ ግን አልተረጎመችውም። አፏን በመዳፏ ይዛ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

"ምን አለ? ሰደበኝ?"

"'ታዲያ እኔ አልረሳሁም ማለት ነው' አለ።"

ቀጥሎ የተናገረውን ቀስ እያለች ነገረችኝ። ደብዳቤዋ የደረሰው ቀን የማከማቻ ክፍሉን ጥግ በጥግ ፈትሿል። አሮጌ ፍሬ አላገኘም። ግን ያቺ ልጅ አትዋሽም አለ ለራሱ፤ ስለዚህ ቀላቅዬ የረሳሁት፣ ከፍቼ በእጄ ሰፍቼ የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ጃጀሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የበር ቁልፍ ሲጠፋበትም፣ የሰው ስም ሲጠፋበትም ይኸው አለ። ምትኩን ከላከ በኋላ ዛፎቹን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ። የወንድሙ ልጅም ቆርጧቸው በቦታቸው ቶሎ የሚደርስ ነገር ተከለ። ሽማግሌውን ሚስቱ "አልጃጀህም፣ ገና ነህ" ብትለውም አልሰማትም።

"ይቅር ይበሉኝ በይልኝ" አልኳት።

"'ይቅር ብያለሁ' ይላል።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"'እጅዎ ስንት ቀን ቀይ ሆኖ ቆየ?' እያለ ነው" አለች ልጄ።

"አምስት ቀን። ጓንት አድርጌ ነበር።"

ልጄ ዓይኗን ከስልኩ አንሥታ አየችኝ፤ ጓንቱን አስታወሰች። ሽማግሌው ሳቀ፣ ሳለም። የሚስቱ እጅ አርባ ዓመት አልለቀቀም ነበር፣ አሁን ነው ነጭ የሆነው አለ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

አዲሱ ድርጅት ጥሩ ዕቃ ይልካል። ወረቀቱ አይጎድልም፣ ጆንያው አይረጥብም፣ የሚደውለውም ሰው ትሑት ነው። እናትሽን ሰላም በይልኝ ግን አይልም፤ ልጄ እናት እንዳላት አያውቅም።

"ለእማ አይነገርም" የሚለውም ሕግ ቀርቷል። ልጄ ለሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ጫማዋን እያሰረች ሁሉንም ትነግረኛለች፤ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ፣ ጋራዡ ምን ያህል መጨለም እንዳለበት፣ ፍሬው ምን እንደማይወድ፣ ለምን እንደማይወድ። ጥያቄ ካለኝም ቆማ ትመልስልኛለች። አውቶቡሱ ቢያመልጣትም ትቆማለች።

ከዚያ የጋራዡን ቁልፍ እኔ ወደሰፋሁት ኪስ ከትታ ይዛው ትሄዳለች።